ሁለት ጊዜ የታረመ ቁጥር

የመጨረሻዋ የስልክ ሳጥን የተዘጋች ዕለት ኬክ ተቆረሰልኝ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ጨዋ ልጅ ነው። «ሜርሲ ማዳም ሰዓዳ፣ ከእንግዲህ ሁሉም ነገር ደመና ላይ ነው» አለኝ። እኔ ደመና ላይ የማውቀው ዝናብ ብቻ ነው። ኬኩን ደግሜ በላሁ፣ ናባዓ በሚባለው ሰፈር የነበረችውን ሳጥን ለማስታወሻ ስጡኝ ብዬ ለመንኩ፣ ሰጡኝና በሰርቪስ ታክሲ ጭኜ ቤቴ ገባሁ። ሾፌሩ «ይቺ ምንድን ናት፣ የቪዲዮ ማጫወቻ ናት?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት። እስከ ቤቴ ድረስ ያለው መንገድ ለማስረዳት አይበቃም ነበር።

ለእናንተ ግን ላስረዳ፤ ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ። ድሮ ድምፅ በሽቦ ነበር የሚሄደው። በኋላ በኢንተርኔት መሄድ ሲጀምር፣ በተራው ስልክና በኢንተርኔቱ መካከል የምትቆም አንዲት ሳጥን አስፈለገች። ባለሙያዎቹ ጌትዌይ ይሏታል፤ እኛ ሳጥን ነው የምንላት። ይቺ ሳጥን ከስልኩ የተደወለውን ቁጥር ተቀብላ ወደሚቀጥለው ታስተላልፋለች። ችግሩ የሚቀጥለው ሁሉ ቁጥሩን በየራሱ ወግ ነው የሚፈልገው። አገር ቤት ሲደወል ፊት ላይ ዜሮ አለች፤ ከውጭ ሲደወል ዜሮዋ ትቀርና 251 ይገባል። አንዱ ኩባንያ ከ251 ፊት ሁለት ዜሮ ካላየ አያሳልፍም፤ ሌላው ሁለቱን ዜሮ ካየ አያሳልፍም። ሦስተኛው ደግሞ እሱና እኛ ብቻ የምናውቀው ምልክት ፊቱ ላይ እንዲለጠፍለት ይፈልጋል። ልጅ በየትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም እንደሚለብሰው ሁሉ ቁጥርም በየደረሰበት ይለብሳል፣ ያወልቃል። የኔ ሥራ ማልበስና ማውለቅ ነበር። ይቺን ቁረጪ፣ ያቺን ቀጥዪ እያልኩ ለየሳጥኑ ትእዛዝ መስጠት።

በተለይ ዜሮዋ! ቤሩት ያሉት የኛ አገር ሴቶች ዜሮዋን ቢገድሏቸው አይተዋትም። 00251 ይሉና 09 ብለው ይቀጥላሉ። «እህቴ፣ ከ251 በኋላ ዜሮ የለም» ስላቸው ይቆጣሉ። አንዷ የጅማ ልጅ «ወንድሜ የሰጠኝ ቁጥር በዜሮ ዘጠኝ ነው የሚጀምረው፤ እኔ ማን ሆኜ ነው የምቀንስበት?» ብላ አፋጠጠችኝ። ተከራክሬ ስላቃተኝ ለሳጥኗ ነገርኳት። ከ251 ቀጥሎ ዜሮ ከመጣ ዝም ብለሽ ጣያት፣ ለማንም አትንገሪ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ዜሮዋን እየደወለ ሁሉም ይገባለት ጀመር፤ ያቺም የጅማ ልጅ ትክክል የነበረች መስሏት ቀረች።

ከኮምቦልቻ ወደ ቤሩት የመጣሁት እንደ ሁሉም ሰው በቤት ሠራተኝነት ነው። ፉርን ኤል ሸባክ በሚባል ሰፈር አንዲት አሮጊት ማዳም አስታመምኩ። እስክታርፍ ድረስ አብሬያት ነበርኩ፤ ልጆቿም ወረቀቴን በደንብ አስተካክለው በሰላም ለቀቁኝ። ከዚያ ናባዓ ከሌሎች ሴቶች ጋር ክፍል ተከራይቼ በየሰዉ ቤት መሥራት ጀመርኩ። ከማጸዳቸው ቦታዎች አንዱ ቡርጅ ሐሙድ የነበረ የስልክ ሥራ ቢሮ ነበር። ባለቤቱ ሙሴ ሃጎፕ የሚባሉ አርመናዊ ሽማግሌ ናቸው። ጉልምስናቸውን በስልክ ማዞሪያ ቤት ያሳለፉ ሰው ናቸው። ለሆቴሎችና ለቢሮዎች ስልክ ይዘረጉ ነበር፤ ከዚያ በተጨማሪ ስደተኛው ወደ አገሩ የሚደውልባቸው ሳንትራል የምንላቸው ትናንሽ የስልክ ቤቶች ነበሯቸው፤ አንዱ ናባዓ፣ ሌላው ፉርን ኤል ሸባክ።

ሙሴ ሃጎፕ አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሲፈልጉ መጀመሪያ የናባዓውን ሳንትራል ሰጡኝ። አልሆነልኝም። ከደንበኛ ጋር እጣላለሁ። ሰው ካቢን ውስጥ ገብቶ ሲጮህ፣ «እኅትሽ ያለችው ወልዲያ ነው፣ በጩኸት የምትሰማሽ ከሆነማ ስልኩ ለምን አስፈለገ?» እላለሁ። አቤቱታ በዛ። አንድ ቀን መጡና በዓረብኛ ልማዳቸው «ያ ሰዓዳ፣ አንቺ ከሰው ጋር አትሆኚም። ነይ ከሳጥን ጋር አስቀምጥሻለሁ፤ ሳጥን መልስ አትሰጥም» አሉኝ። እንዲህ ሆኜ ነው ባለሙያ የሆንኩት። የናባዓውን ቤት ትርሲት ተረከበችው። ትርሲት ጴንጤ ናት፣ የአዋሳ ልጅ። ጠዋት በር ስትከፍት እየዘመረች ነው፣ ማታ ስትዘጋም እየዘመረች ነው። ደንበኛው ሁሉ ይወዳታል፤ እኔም ሳልወድ በግዴ ወደድኳት።

ሙሴ ሃጎፕ ሳጥን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። ኮታቸውን ሰቅለው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ በሳሙና። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ «የማዞሪያ ቤት አለቃዬ ያደርግ ነበር፤ ለምን እንደሚያደርግ ሳልጠይቀው ሞተ» አሉኝ። ከዚያ ስክሪን አያዩም። እጀታውን አንስተው ጆሯቸው ላይ አድርገው የመስመሩን ድምፅ ያዳምጣሉ። የፀሐይ አበባ ፍሬ እየቆረጠሙ፣ ልጣጩን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በሰልፍ እየደረደሩ። እኔ ጠረጴዛውን ስወለውል ሰልፉን ካፈረስኩባቸው ቀኑን ሙሉ ያኮርፋሉ።

ከሁሉ በላይ ያስተማሩኝ ግን ማንበብ ነው። አዲስ ትእዛዝ ለሳጥን ከሰጠን በኋላ አንድ ቁጥር እንደውላለን። ቁጥሩ ወደ ሳጥኗ ሲገባ ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ከሳጥኗ ሲወጣም ይታያል። «የገባውን ጮክ ብለሽ አንብቢ። የወጣውን ጮክ ብለሽ አንብቢ» ይሉኛል። እኔ በዓረብኛ አነባለሁ፣ እሳቸው ከኋላዬ በአርመንኛ ይደግማሉ። «ዓይኔ እያየው ለምን አነበንባለሁ?» ብላቸው፣ «ዓይንሽ ትናንት ያየውን ነው ዛሬም የሚያየው» አሉኝ። ለወራት ሞኝነት ይመስለኝ ነበር። አሁን ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ሲደውሉልኝ ቁጥሬን ጮክ ብለው እያነበቡ እንደሚደውሉ ልጃቸው ነግራኛለች።

ብዙ ቦታ ልከውኛል። አንዴ አንድ ሆቴል እንግዶች ወደ ውጭ ለመደወል ፊት ላይ 9 መጫን ነበረባቸው፤ ሳጥናችን ያቺን 9 ቆርጣ መጣል ሲገባት አንድ ቦታ ላይ ሳትቆርጣት ቀረች። ከአንድ ፎቅ ወደ ፈረንሳይ የሚደወለው ስልክ ሁሉ ከተማዋን ተሻግሮ አንድ ዳቦ ቤት ይገባል። የስልክ መስመር ትርፍ ቁጥር ሲደርሰው አይቆጣም፤ የሚበቃውን ከፊት ይወስድና የቀረውን ይጥለዋል። ስለዚህ ማንም ስህተት መኖሩን አላወቀም፤ ከዳቦ ጋጋሪው በስተቀር። ልንጠይቀው ስንሄድ ሰውየው አልተቆጣም። እንግዶቹን ለምዷቸው በፈረንሳይኛ ሰላምታ ይሰጣቸው ጀምሮ ነበር። ሙሴ ሃጎፕ መኪና ውስጥ እስኪያስላቸው ሳቁ። ትርፍ ቁጥር ያስቃል ብዬ ያሰብኩት ያን ቀን ነው።

አሁን ወደ ከድጃ ልምጣ።

አገር ቤት የቤት ስልክ ቁጥር የተቀየረ ጊዜ፣ በየሰዉ ቤት ተዘግተው ለሚሠሩ ሴቶች ማንም አልነገራቸውም። ዓመት ቆይተው፣ አንዳንዶቹ ብዙ ዓመት ቆይተው ወደ ሳንትራል ሲመጡ፣ የእናታቸውን ቤት ስልክ በቃላቸው ይሉታል፤ ነገር ግን የሚሉት አሮጌውን ነው። የወሎው ለምሳሌ ሁለት አሃዝ ነው የተጨመረበት፤ አንዱ ከአካባቢው ኮድ ላይ፣ ሌላው ከቤቱ ቁጥር ፊት። ሙሴ ሃጎፕ ይህን ሲረዱ በየሳንትራሉ አንዳንድ ካቢን ለአሮጌ ቁጥር ብቻ ለዩ። ከዚያች ካቢን የሚደወል ሁሉ አሮጌ ነው ተብሎ ይወሰዳል፤ ሳጥኗም የጎደሉትን ሁለት አሃዞች ራሷ ትጨምርበታለች። ሳጥኗ ራሷ እንድትለይ ማድረግ አይቻልም ነበር፤ የአንዱ ከተማ አሮጌ ቁጥር ከፊቱ ሲታይ የሌላውን ከተማ አዲስ ቁጥር ይመስላልና። ጥሩ ዘዴ ነበር። ከዚያች ካቢን ስንት ሴት እያለቀሰች፣ እየሳቀች ወጣች! ትርሲት «የትንሣኤ ካቢን» ትላት ነበር።

ለኢድ ጥቂት ቀን ሲቀረው የናባዓው መስመር ተበላሸ። ኢድ ሲደርስ ናባዓ ሳንትራል በር ላይ ሰልፉ መንገድ ይዘጋል። ሙሴ ሃጎፕ መስመሩ እስኪጠገን ድረስ የናባዓን ጥሪዎች ፉርን ኤል ሸባክ ባለችው ሳጥን በኩል እንዲያልፉ አደረጉ። እዚያው ከአጠገባቸው ነበርኩ። ሰዉ ይጮሃል፣ ጄኔሬተሩ ይጮሃል፣ ትርሲት በስልክ «ሙሴ፣ ያላ!» እያለች ታጣድፋቸዋለች። እኔ እንደ ልማዴ «ላንብብ?» አልኩ። «ኸላስ፣ ተዪው፣ በኋላ ታነቢያለሽ። ሰዉ እየጠበቀ ነው» አሉኝ። እንዲህ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

እሑድ ለትርሲት ላግዝ ናባዓ ወረድኩ። ከድጃ የመጣችው ያን ቀን ነው። ከሐይቅ አካባቢ የመጣች ልጅ ናት፣ ቀጭን፣ ንግግሯ ለስለስ ያለ። ከቤሩት በላይ ባለው ተራራ ላይ ከአንዲት አሮጊት ማዳም ጋር ነው የምትኖረው፤ ለብቻዋ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። «ማዳሜ ክፉ አይደለችም፣ ያኒ፣ ማለቴ፣ ውጭ መውጣት የሚባል ነገር ትዝ አይላትም» አለችን። ከማዳም ቤት ስልክ ብዙ ጊዜ ሞክራ ነበር፤ ሁልጊዜ ቁጥሩ የለም ነው የሚላት። አሁን ውሏ አልቋል። ማዳሟ «ትኬት ልቁረጥልሽና አገርሽ ግቢ፣ ወይም የመኖሪያ ወረቀትሽን፣ ኢቃማሽን ላሳድስና ቆዪ፤ በሚቀጥለው እሑድ ንገሪኝ» ብላታለች። ከድጃ ግን ከወዲሁ ወስና ነው የመጣችው።

«እታለም፣ ልገባ ነው። ለእማ ልንገራት ብዬ ነው» አለችኝ። ፊቷ ያበራል።

የአሮጌው ቁጥር ካቢን ውስጥ አስገባኋት። በሩ ስለማይገጥም ሁሉንም እንሰማለን። ጠራ። ተነሣ። የአንዲት ጎልማሳ ሴት ድምፅ ነበር።

«አሎ፣ የፋጡማ ቤት ነው?»

«አዎ፣ ማን ልበል?»

«ልጇ ነኝ! ከዓረብ አገር ነው! እማን ስጡኝ!»

«ውይ፣ አንቺ ልጅ...» አለች ሴትዮዋ። «ሳትሰሚ ኖረሻል? ፋጡማ እኮ አረፈች። ከረመዳን በፊት ነው የቀበርናት። አላህ ያጽናሽ፣ እኔ ጎረቤት ነኝ፣ ቤቱን ልጠብቅ ብዬ...»

እጀታው ከእጇ ወደቀ። ከድጃ ጮኸች። መስመሩ ላይ ሴትዮዋ «አሎ፣ አሎ» ትል ነበር፤ ማንም አልመለሰላትም። ትርሲት ሳንትራሉን ዘጋችው።

እኔ ክፍል ውስጥ ለቅሶ ተቀመጥን። ማዳሟ በስልክ ተነግሯት ሁለት ቀን ፈቀደችላት፤ ለዚህ አመሰግናታለሁ። የወሎ ልጆች ቁርኣን የምትቀራ ሴት አመጡ። የትርሲት ቤተ ክርስቲያን ሴቶች በድስት ሩዝና ወጥ ይዘው መጡ፣ ሥጋው ከእስላም ሉካንዳ መሆኑን ገና ከበሩ እየተናገሩ፤ ከኛ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ከኛ ጋር አለቀሱ። ሙሴ ሃጎፕም መጡ። ደረጃችን ለሽማግሌ አይመችም፣ እያለከለኩ ደረሱ። ወንበር ስንሰጣቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡና፣ «እናት፣ ያኒ...» ብለው ጀምረው መጨረስ አቃታቸው። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ። ከድጃ ማን እንደሆኑ እንኳ አታውቅም፤ እጃቸውን ሳመች።

ወደ ተራራው ስትመለስ ሸኘኋት። «ኸላስ» አለችኝ ታክሲ ስንጠብቅ። «ለማን ብዬ እገባለሁ? ኢቃማዬን አድሺልኝ እላታለሁ ማዳሜን።» እናት ወደሌለችበት አገር ማን ይቸኩላል?

በሳምንቱ አጋማሽ ትርሲት ደወለችልኝ። «ሰዓድዬ፣ ደንበኞች እየተጣሉኝ ነው። አንዷ ወንድሜ ጋ ደውዬ የማላውቀው ሽማግሌ አነሣው ትላለች። ሌላዋም እንደዚያው። ሁለቱም ከአሮጌው ካቢን ነው የደወሉት።»

ክው አልኩ። ሙሴ ሃጎፕ ጋ ገብቼ ነገርኳቸው። ሄደው እጃቸውን ታጠቡ፤ ያን ቀን በጣም ረጅም ጊዜ ታጠቡ። ከዚያ ትርሲት መዝገቧ ላይ የጻፈችውን የከድጃን እናት አሮጌ ቁጥር ከዚያችው ካቢን እንድትደውልና ሳይጠራ እንድትዘጋው አደረጉ። «አንብቢ» አሉኝ።

ናባዓ የገባውን አነበብኩ። ልክ ከድጃ በቃሏ የምትለው ነበር። ከናባዓ የወጣውን አነበብኩ። ሁለቱ የጎደሉ አሃዞች ተጨምረዋል፤ ልክ ነው። ፉርን ኤል ሸባክ የገባውን አነበብኩ፣ ልክ ነው። ከፉርን ኤል ሸባክ የወጣውን ማንበብ ጀምሬ መሐል ላይ አቆምኩ። እነዚያው ሁለት አሃዞች እንደገና ተጨምረዋል። ነገሩ እንዲህ ነበር። ሙሴ ሃጎፕ እያንዳንዷ ሳጥን ራሷን ችላ እንድትቆም ብለው ትእዛዙን ለሁለቱም ሰጥተዋል። ሁለቱ በየራሳቸው ሲሠሩ ምንም አልነበረም። አንዷን በሌላዋ በኩል ሲያሳልፏት ግን፣ ናባዓ ያረመችውን ቁጥር ፉርን ኤል ሸባክ የአሮጌው ካቢን ምልክት አብሮት ስላየች አሮጌ መስሏት ደግማ አረመችው። ቁጥሩ ወደ ኋላ ተገፋ። የአገር ቤቱ መስመር የሚበቃውን ከፊት ወሰደ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጣለ፣ የሌላ ሰው ቤት ጠራ።

የሌላ ፋጡማ ቤት። ወሎ ውስጥ ፋጡማ የሌለችበት ቤት ማግኘት ነው የሚከብደው። ልጇ ዓረብ አገር ያልሄደች ፋጡማ ማግኘትም እንደዚያው። ጎረቤቷ የሟቿ ልጅ ደወለች ብላ አዘነች፤ ከድጃ የእናቴ ጎረቤት ናት ብላ አመነች። ማን ነሽ፣ የትኛዋ ፋጡማ ብሎ መርዶ ላይ የሚመረምር ሰው የት አለ?

ሙሴ ሃጎፕ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ያ ሰዓዳ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «የሰው እናት ገደልኩ።»

«አልገደሏትም! ይኸው ነው የምልዎት፣ አልሞተችም!»

«እሱንም አናውቅም። የምናውቀው ሌላ ቤት መደወሉን ብቻ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። የፉርን ኤል ሸባክን ትእዛዝ ያኔውኑ ሰረዙት። ከዚያ ወዲያ በሙሴ ሃጎፕ ቤት ቁጥር የሚታረመው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሆነ፤ ሌላዋ ሳጥን እንዳለ ታሳልፋለች። እኔም እስከ ኬኩ ቀን ድረስ ከዚህ ሕግ ንቅንቅ አላልኩም።

ትርሲት ቶሎ ለከድጃ እንንገራት አለች። «ጌታ ተስፋ ሰጥቶ አያሳፍርም» አለችኝ። እኔ ተቆጣሁ። ብንነግራትና የእውነተኛዋ እናቷም ሞታ ብትገኝስ? አንዲት ሰው አንድ እናት ሁለት ጊዜ ትቅበር? መጀመሪያ እኛ እናጣራ አልኩ፤ ሙሴ ሃጎፕም ከኔ ጋር ሆኑ። ትክክለኛውን ቁጥር ደወልን። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ማንም አያነሣም። በማግሥቱም ደወልን። ይጠራል፣ አይነሣም። ሳልናገረው እንጂ እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

እሑድ እየደረሰ ነው። ከድጃ እሑድ መልሷን ከሰጠች ማዳሟ ኢቃማውን ታሳድሳለች፣ ትኬቱም ይቀራል፤ ተራራው ላይ ደግሞ ስንት ዓመት ልትዘጋ እንደምትችል ማን ያውቃል። ስለዚህ ደፈርኩና ማዳሟ ቤት ደወልኩ።

«ማዳም፣ እባክዎ ከድጃ እኛ ጋ መጥታ ሳትመለስ መልሷን አይቀበሏት።»

«ሹ፣ ምን? ማን ነሽ አንቺ?»

«የስልክ ሠራተኛ ነኝ።»

«ስልኬ ደኅና ነው!» ብላ ልትዘጋብኝ ስትል፣ «ማዳም፣ እናት አለዎት?» አልኳት። አልዘጋችውም። «ነበረችኝ» አለች። «እንግዲያውስ እሑድ ወደኛ ይላኳት» አልኩ። «እሺ፣ እልካታለሁ» አለችኝ።

እሑድ ጠዋት ከድጃ ሳትደርስ፣ ትርሲት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ እየጸለየች፣ ሙሴ ሃጎፕ እየቆረጠሙ፣ አንድ ጊዜ ልሞክር ብዬ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ልዘጋው ስል ተነሣ።

«ማነው ሰሞኑን ሲያስቸግረኝ የከረመ?» አሉ አንዲት አሮጊት፣ እያለከለኩ። «ጉልበቴን አሞኛል፤ ከጓሮ እስክደርስ ትዘጉታላችሁ! ሰው ትንሽ አይታገሥም?»

«እማማ፣ ስምዎን ማን ልበል?»

«ፋጡማ ነኛ!»

አንዴ የተቃጠልኩ ነኝና አላመንኩም። «ፋጡማ ብዙ ነው። ቤሩት ልጅ አለችዎት?»

«ዓረብ አገር ልጅ የሌለው ማን አለ?»

«ስሟ ማን ነው?»

ድምፃቸው ተለወጠ። «ከድጃ» አሉ። «ከድጃን ታውቂያታለሽ? አለች?»

«ምልክት ይንገሩኝ፣ እማማ።»

«ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ። ሕፃን ሆና ከአህያ ወድቃ ነው። ልጄ፣ አለች ወይ? ንገሪኝ ብዬሻለሁ!»

ትርሲት ከጎኔ ሆና ቅንድቧን እየነካች ራሷን በአዎንታ ትነቀንቃለች፤ እንባዋ ጠረጴዛውን አርሶታል። ጠባሳውን ለቅሶው ላይ የከድጃን ፊት ስታጥብ አይታዋለች። «አለች፣ እማማ» አልኩ። «ከስልኩ አጠገብ ይቀመጡ። ወደ ጓሮ እንዳይሄዱ።»

ቀጥሎ እንዴት እንንገራት የሚለው መጣ። ሰው መሞቱን እንዴት እንደሚነገር ሁላችንም እናውቃለን። ሰው ይሰበሰባል፣ ባለ ሐዘኗን መሐል ያስቀምጣል፣ እጇን ይይዛል። ሰው አለመሞቱን እንዴት እንደሚነገር ግን ማናችንም አናውቅም። ስለዚህ ያንኑ የምናውቀውን አደረግን። ለቅሶ የመጡትን ሴቶች ጠርተን ሳንትራሉን ሞላነው። ከድጃ ጥቁር ሻርፕ አድርጋ በር ላይ ስትደርስ፣ ሁላችንንም ቆመን አየችንና ግድግዳውን ያዘች።

«ደሞ ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም» አልኳት። «ከድጃ፣ ማንም አልሞተም። ማንም።»

አልገባትም። ትርሲት አቅፋ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ሙሴ ሃጎፕ ተነሡ፣ ኮታቸውን ሰቀሉ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ቁጥሩንም እያንዳንዱን አሃዝ ጮክ ብለው እያነበቡ ራሳቸው ደወሉ። ከዚያ እጀታውን በሁለት እጃቸው ለከድጃ ሰጧት። ገና መጥራት ሲጀምር ተነሣ።

«ከድጃ?»

ስለዚያ ልቅሶ ብዙ አልናገርም። ከፊሉ ዱዓ ነበር፣ ከፊሉ መዝሙር፣ ከፊሉ ዝም ብሎ መጮህ። ሲበርድ ከድጃ እየተንተባተበች ለእናቷ የሆነውን ነገረቻት፤ ሞተሻል ተብዬ፣ እዚህ ለቅሶ ተቀምጬልሽ ነበር አለቻት። የእጀታው ድምፅ ከፍተኛ ስለሆነ ሁላችንም እንሰማለን።

«ለኔ?» አሉ አሮጊቷ። «ማን ማን መጣ?»

ከድጃ አንድ በአንድ ትቆጥር ጀመር። ሰዓዳ የምትባል የኮምቦልቻ ልጅ፣ ትርሲት የምትባል የጴንጤ ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች፣ የደሴ፣ የባቲ፣ የከሚሴ ልጆች፣ አንድ አርመን ሽማግሌም።

«ሽማግሌው ምን አደረገ?»

«አለቀሰ፣ እማ።»

«ሳያውቀኝ?»

«ሳያውቅሽ።»

«አላህ ዕድሜ ይስጠው» አሉ አሮጊቷ። ቀጥለውም ድምፃቸውን አጠንክረው እንዲህ አሏት። «በይ ስሚኝ፣ ልጄ። አንዱን ለቅሶ እዚያ ሆነሽ ተቀምጠሽልኛል፣ ተቀብያለሁ። የሚቀጥለውን ግን እዚህ ሆነሽ ነው የምትቀመጪልኝ። ነይ።»

ሙሴ ሃጎፕ እጅጌዬን ጎተቱኝ። «ምን አለቻት?»

«ነይ አለቻት።»

«ያላ!» አሉ ሙሴ ሃጎፕ፤ ልጅቷ ገና ስልኩን ሳትዘጋ ሄደው የሳንትራሉን በር ከፈቱላት።